ዊልቸሩን አቆሙት፣ እኔን አስገቡኝ

እህቶቼ፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ ስለ ሆስፒታል ስናወራ የተናገርኩትን ነገር አንዳንዶቻችሁ "ጻፊው" ስላላችሁኝ ይኸው ጻፍኩት። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ "አጋነንሽው" ብላችኋል። በተለይ ለእናንተ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ስለ ኤምአርአይ ነው። እዚህ ቤይሩት "ራኒን" ይሉታል፤ ፈረንሳይኛ የሚቀናቸው ደግሞ "ኢ ኤር ኤም"። ያ ሰው ተጋድሞ የሚገባበት፣ ትልቅ ቱቦ የመሰለው፣ የጭንቅላትና የጀርባ ውስጡን ፎቶ የሚያነሳው ማሽን ነው። "እኛን ምን አገባን፣ የሐኪም ነገር ነው" የምትል አትጠፋም። ከመካከላችን ግን አሮጊት ወይ ሽማግሌ የማትጠብቅ ስንት አለች? ሲታመሙ የምናለብሳቸው እኛ፣ ዊልቸር የምንገፋው እኛ፣ ሲጨንቃቸው እጃቸውን የምንይዘው እኛ። በዚያ በር ከበሽተኛው ቀጥሎ የሚገባው ሰው የኛ ቢጤ ነው።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ በዚያ በር የሚገባ ሰው ሁሉ፣ በሽተኛም ይሁን አስታማሚ፣ ማዳምም ትሁን ሠራተኛ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ አለበት። እኛን ካልጠየቁን አንግባ።

አሁን ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ።

የምጠብቃቸው ቴታ 84 ዓመታቸው ነው። አምና ወገባቸውን አሟቸው ማዳም፣ ልጃቸው ማለት ናት፣ ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰደችን። መቀበያው ላይ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣችና ከማዳም ጋር ቁጭ አለች። ልባቸው ውስጥ ባትሪ ተገጥሞላቸዋል? ጭንቅላታቸው ተቀዶ ያውቃል? ጆሮ መስሚያ አላቸው? አጥንታቸው ውስጥ ብረት ገብቷል? ጥርሳቸው የራሳቸው ነው? አንድም አላስቀረችም። የጋብቻ ቀለበታቸውን እንኳን በሳሙና አሟሙታ አወጣችው። ደስ ይል ነበር፤ እንዲህ ነው ሰው መጠንቀቅ አልኩ በልቤ።

ወፍራሙ በር ጋ ስንደርስ ልጅቷ እጇን ዘርግታ ዊልቸሩን አስቆመችው። "ይሄ አይገባም፣ ብረት ነው" አለች። ከውስጥ በማግኔት የማይሳብ ሌላ ወንበር አመጡ። ቴታ ግን እጄን አልለቅም አሉ። ትንሽ ይረሳሉ፤ ሲደነግጡ ደግሞ የሚጠሩት የልጃቸውን ስም አይደለም፣ የኔን ነው። ልጅቷ ማዳምን አየቻት፣ ማዳም እኔን አየችኝ። "ፉቲ መዓ" አለችኝ። ከእሷ ጋር ግቢ። ገባኋ።

ልብ በሉልኝ፤ ዊልቸሩን ከምን እንደተሠራ ዐውቀው አቆሙት። እኔን ግን ምን እንደያዝኩ፣ ሰውነቴ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀኝ የለም።

የዚያን ቀን የለበስኩት ዩኒፎርም ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ የተወችው ነው። ስለሚሰፋኝ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤዋለሁ። ወደ ማሽኑ ጠጋ ስል ጨርቁ ከወገቤ ተነስቶ ወደ ፊት ቀጥ አለ። ሰው የጎተተኝ መስሎኝ ዞር አልኩ፤ ማንም የለም። ቴታን ለማስተኛት ጎንበስ ስል ደግሞ ፀጉሬን ከያዝኩባቸው ሁለት ሽቦዎች አንዱ ወጥቶ በረረ። "ጢን" ሲል ብቻ ነው የሰማሁት። ልጅቷ ጮኸችብኝ፤ ብረት ይዘሽ ለምን ገባሽ አለችኝ። እሷ ማሽኑ ተጭሮ እንደሆነ ስታይ እኔ ዓይኔን በእጄ ከልዬ ቆሜአለሁ። ሽቦው በፊቴ በኩል ቢያልፍስ ኖሮ?

ከዚያ አወጡኝ ብላችሁ ነው? መርፌ ቁልፉንና የቀረውን ሽቦ ተቀብላኝ እንድቆይ አደረገችኝ። ለቴታ የጆሮ መድፈኛ ሰጡ፣ ለኔ አልሰጡም። ማሽኑ ሲሠራ በመዶሻ ቆርቆሮ እንደመደብደብ ነው፤ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። እስከ ማታ ጆሮዬ ሲጮህ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ "ትንሽ ደንግጣ ነው" ብላችሁ ብትስቁ ባልከፋኝ። ግን ትከሻዬ አለ።

ሐምሌ 28 ቀን 2012፣ በፈረንጅ ኦገስት 4፣ 2020፣ አሽረፊዬ ነበርኩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ብሎ ወደቡ ሲፈነዳ ወጥ ቤት ቆሜ ሰላጣ እያጠብኩ ነበር። ከናንተም ብዙዎቻችሁ የት እንደነበራችሁ አትረሱትም። የበረንዳው በርና መስኮት እላዬ ላይ መጣ። የዚያን ቀን ሆስፒታሎቹ ራሳቸው ፈርሰው ነበር፤ እኔን የሰፋኝ ሐኪም መኪና ማቆሚያ ውስጥ በስልክ መብራት ነው የሰፋኝ። ከግራ ትከሻዬ ያየውን አወጣ። "የቀረ ትንሽ ነገር አለ፣ ካልረበሸሽ አትነካኪው" አለኝ። አልረበሸኝም፤ ተውኩት። መስታወት ይሁን ብረት አላየሁትም።

እንግዲህ ያን ይዤ ነው ማግኔቱ ያለበት ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት የቆምኩት። ምንም አልሆንኩም፣ ተመስገን። ነገር ግን ምንም ያልሆንኩት ጥንቃቄ ስለተደረገልኝ አይደለም።

ዘንድሮ ቴታን ሌላ ቦታ ወሰድናቸው። እዚያ ያለው ቴክኒሺያን ጎልማሳ ሰውዬ ነው። ቴታን ጠይቆ ሲጨርስ ወረቀቱን ገለበጠና "አንቺስ?" አለኝ። እኔን መሆኑ ስላልገባኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። "አንቺ፣ የምትገቢው አንቺ ከሆንሽ ላንቺም ነው" አለ። አንድ በአንድ ጠየቀኝ። "ፍንዳታው ጊዜ ተጎድተሻል?" ሲለኝ ትከሻዬን አሳየሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አትገቢም" አለ። "መጀመሪያ ራጅ ትነሺ።"

ማዳም ተቆጣች። ራጁን ማን ይከፍላል፣ እናቴን ማን ይይዛታል። ሰውዬው ድምፁን ሳይጨምር "አንቺ ትይዣታለሽ" አላት። እሷንም ጠየቃት፤ ሐብሏን፣ ጉትቻዋን፣ ስልኳን፣ ሽቦ ያለውን የጡት መያዣዋን አስወለቃትና አስገባት። ማዳም 35 ደቂቃ የእናቷን እጅ ይዛ ቆመች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ስለዚያ ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል።

እነሱ ውስጥ ሳሉ አንዱ ሠራተኛ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አስረዳኝ። ቦታው በአራት ዞን ይከፈላል። አሠራሩን ያወጣው የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ የሚባለው የሐኪሞች ማኅበር ነው፤ በ2002 ዓ.ም. በፈረንጅ አወጣው፣ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ አሻሽሎታል። በኛ ቋንቋ ልንገራችሁ። የሕንፃ መግቢያ አስቡ፣ ናጡሩ የሚቀመጥበት፤ ማንም የሚገባበት የሚወጣበት፤ ያ አንደኛው ነው። ቀጥሎ ሳሎን፤ እንግዳ ተቀብለው ማን ነሽ፣ ከየት መጣሽ የሚሉበት፤ ጥያቄው ሁሉ የሚጠየቀው እዚያ ሁለተኛው ላይ ነው። ሦስተኛው የውስጥ ኮሪደር ነው፤ እዚያ ያልተጠየቀ ሰው ብቻውን አይዘዋወርም፣ በሩ ይቆለፋል፣ የሠለጠነ ሠራተኛ ዓይኑን አይነቅልም። አራተኛው ማሽኑ ያለበት ክፍል ነው። ወደ አራተኛው በሦስተኛው ብቻ ነው የሚገባው።

ይሄን ሲያስረዳኝ ሳቄ መጣ። ድንበርማ ለኛ ማን ያስተምረናል? ሳሎን አትቀመጪ፣ በዚህ ሊፍት አትውረጂ፣ በዚህ ኩባያ አትጠጪ እየተባልን ነው የኖርነው። መግባት ለሚያሳምመው አንድ በር ግን "ፉቲ"።

ማግኔቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ዕወቁ። አንደኛ ጉልበቱ። ስምንተኛ ክፍል መምህራችን ወረቀት ላይ የብረት ብናኝ በትኖ ከሥር ማግኔት ሲያንቀሳቅስ ትዝ ይላችኋል? መሬት ራሷ ማግኔት ናት፤ ኮምፓሱን የምታዞረው እሷ ናት። የሆስፒታሉ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። የትንሹ ጉልበት መሬት ካላት 30,000 እጥፍ ገደማ ነው፣ የትልቁ 60,000። ደግሞ ተንኮለኛ ነው። በሩ ላይ ስትሆኚ ምንም አይሰማሽም፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ስትጠጊ ድንገት ይመጣል። በእጅሽ ያለውን ብረት አጥብቄ እይዘዋለሁ ብለሽ አታስቢ። ከባድ ብረት ከሆነ ከነአንቺ ነው የሚወስደው።

ሁለተኛ፣ አይጠፋም። ይሄን በደንብ ያዙልኝ። እኛ ቤይሩት ውስጥ መብራት ሲጠፋ፣ ኢሽቲራኩም ሲጠፋ፣ ሁሉ ነገር ይቆማል ብለን እናስባለን። ያ ማግኔት ግን አይቆምም። ሽቦው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ተነክሮ ነው ያለው። በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ አንዴ የገባ ኤሌክትሪክ ሳይደክም ይዞራል። ሌሊትም፣ እሁድም፣ ክፍሉ ጨልሞ ማንም ሳይኖርም ማግኔት ነው። ያ የመዶሻ ድምፅ ፎቶ ሲያነሳ ብቻ የሚመጣ ነው። ዝም ስላለ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ማጥፊያ ቁልፍ አለው፤ እሱ ሂሊየሙን በጋዝ መልክ አውጥቶ ነው ማግኔቱን የሚያጠፋው፤ ያም እንደ መብራት ቀጭ ብሎ አይደለም፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ጋዙ በቧንቧው ወደ ውጭ ካልወጣ ደግሞ የክፍሉን አየር ይተካና ሰው ያፍናል። ስለዚህ "ብቻ ግቢ፣ ችግር ከመጣ እናጠፋዋለን" የሚል ካለ አትስሙት።

"አጋነንሽው" ላላችሁኝ። በ2001 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ኦክስጅን ይፈልጋል ተብሎ ሰው የብረት ሲሊንደር ይዞ ገባ። ሲሊንደሩ ከወንጭፍ እንደወጣ ድንጋይ በርሮ ልጁን ጭንቅላቱን መታው፤ ሞተ። አራቱ ዞን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ በሽተኛው ነበር። የቀሩትን ደግሞ ተመልከቱ። ጃንዋሪ 2018 ሙምባይ፣ የታመመች ዘመዱን ሊያስታምም የሄደ የ32 ዓመት ሰው ሲሊንደር ይዞ ገብቶ ከነሲሊንደሩ ተስቦ ሞተ። ዘመዶቹ እንደተናገሩት፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ማሽኑ ጠፍቷል ብሏቸው ነው። ጁላይ 2025 ኒውዮርክ አጠገብ፣ ሎንግ አይላንድ፣ አንድ የ61 ዓመት ሰው ሚስቱን ከማሽኑ ሊያስነሳት ገባ፤ አንገቱ ላይ 9 ኪሎ የሚያህል የስፖርት ሰንሰለት ነበር። ማሽኑ ጎተተው፤ በማግስቱ ሞተ።

ሁለቱም በሽተኛ አልነበሩም። ሁለቱም አስታማሚ ነበሩ። እጅ ሊይዙ፣ ዕቃ ሊያቀብሉ፣ ሊያነሱ የገቡ። የኛን ሥራ ነበር የሚሠሩት።

አንድ ሌላም አለ፤ እሱ ለኔ አቋም አይመችም፣ ግን ልደብቀው አልፈልግም። ጃንዋሪ 2023 ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ፣ እናቱን ይዞ የመጣ ጠበቃ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ይዞ ገባ። ማግኔቱ ሽጉጡን ሲስበው ተኮሰና ሆዱን መታው፤ ከሳምንታት በኋላ ሞተ። ተቋሙ እንዳለው ሰውዬው ተጠይቆ ነበር፣ ወረቀትም ፈርሟል። ዝም ነው ያለው። ስለዚህ ይጠይቁን ስል እኛም ስንጠየቅ እንናገር ማለቴ ነው።

እዚህ ጋ ነው ክርክሩ የሚመጣው። ከናንተ አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ "ሰውነቴ ውስጥ ብረት አለ ካልሽ በሽተኛ ናት ብለው ይመልሱሻል፣ ኢቃማሽም ይበላሻል፣ ዝም ብለሽ ግቢ" ብላኛለች። ይሄን ፍርሃት አልንቀውም። እኔም ራጅ ስነሳ ከማሽኑ ይልቅ ማዳም ማታ ለባሏ የምትነግረውን ነበር የፈራሁት። ነገር ግን ስብርባሪ በሽታ አይደለም፤ አይተላለፍም፣ ሥራ አይከለክልም። መናገር ካስፈራሽ ዝርዝሩን ተዪውና የማትገቢበትን ሌላ ምክንያት ስጪ። ጠባብ ክፍል ያስጨንቀኛል ማለት እነሱ በየቀኑ የሚሰሙት ነገር ነው፤ ማንም አይገረምብሽም። እርጉዝ ከሆንሽም አስታማሚ ሆነሽ እዚያ ክፍል ባትቆዪ ይሻላል።

ሌላዋ ደግሞ "ማዳም ግቢ ስትል አልገባም ማለት ይቻላል እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከባድ ነው። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ይሄ ነው። ለማዳም አትንገሪያት፤ በቀጥታ ለቴክኒሺያኑ ንገሪው። ያንን ክፍል በተመለከተ ከማዳምም ከሐኪሙም በላይ አዛዡ እሱ ነው። "ፊ ሐዲድ ብጂስሚ" በይው፣ ሰውነቴ ውስጥ ብረት አለ። ወይም "ማ ሐዳ ሰአለኒ" በይ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ይሄንን የሰማ ቴክኒሺያን ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ካልሰማሽ ደግሞ "ማሽኑ ይበላሻል" በይ። መራራ ነው፣ አውቃለሁ። ስለ ሠራተኛ ትከሻ ሲነገር የማይሰማ ጆሮ ስለ ማሽን ሲነገር ይሰማል፤ ያ ማሽን ብረት ሲጣበቅበት ለማላቀቅና ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ሕይወትሽን ካተረፈልሽ በማሽኑ ስም ቢሆንስ?

ምን ምን እንናገር? መርፌ ቁልፍ፣ የፀጉር ሽቦ፣ ስልክ፣ የቤት ቁልፍ፣ የባንክ ካርድ፣ ጌጥ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ማተባችሁ ላይ ያለው መስቀልም ቢሆን፤ ብር ቢሆን እንኳን ማንጠልጠያዋ ቀለበት ብረት ልትሆን ትችላለች፤ ክሩን ትታችሁ መስቀሉን አውልቁት። ዊግ ወይ ሂውማን ሄር ያላችሁ ሥሩ ላይ የብረት መቆንጠጫ ሊኖረው ይችላል። ሰውነት ውስጥ ያለውን ደግሞ ከሁሉ በላይ ዓይን። ዓይናችሁ ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ በፍንዳታውም ይሁን አገር ቤት ብየዳ አጠገብ ሠርታችሁ፣ ያንን ሳትናገሩ አትግቡ፤ ማግኔቱ ካንቀሳቀሰው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ታማሚዋ አንቺ ከሆንሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉሙልን በማዳም ነው። "እርጉዝ ነሽ? የወሊድ መከላከያ አለሽ?" የሚለውን ማዳም ጆሮ ላይ ማን ይመልሳል? ብዙዎቻችን አገር ቤት ክንዳችን ውስጥ አስቀብረን ነው የመጣነው፤ ማንም እንዲያውቅብን አንፈልግም። ልንገራችሁ፣ ያ በክንድ የሚቀበረው ፕላስቲክ ነው፣ ማግኔት አይስበውም። ሉፕም አብዛኛው መዳብና ፕላስቲክ ነው፣ መዳብ አይሳብም፤ ዓይነቱ ስለሚለያይ ግን ይጠየቅ። ለነርሷ "ብቻችንን" ብላችሁ ምልክት ስጡ። ይሄ ነውር አይደለም፣ መብት ነው። ንቅሳት ያላችሁም ተናገሩ፤ አንዳንዱ ቀለም ብረትነት ስላለው ፎቶ ሲነሳ ይሞቃል። ቆዳ ላይ የሚለጠፉ መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ ከጀርባቸው ስስ ብረት ስላላቸው ያቃጥላሉ። እጅና እጅ፣ ጭንና ጭን አነካክቶ መተኛትም እንዲሁ ያቃጥላል፤ በመሃል ጨርቅ የሚያስገቡት ለዚያ ነው፤ ካላስገቡ ጠይቁ። ሲሞቃችሁ ደግሞ እጃችሁ ላይ የሚሰጣችሁን መጥሪያ ጨቁኑት፤ "ልረብሻቸው አይገባም" እያላችሁ አትቻሉት።

ለጽዳት ኩባንያ ለምትሠሩት አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊት ሆስፒታል የምታጸዱ አላችሁ። አለቃችሁ ፎቁን በሙሉ አጽዱ ብሎ ቁልፍ ሊሰጣችሁ ይችላል። የወለል ማሽን፣ ቫኪዩም፣ መሰላል፣ የብረት ባልዲ፣ እጀታው ብረት የሆነ መወልወያ፣ እነዚህ ሁሉ ተስበው ያውቃሉ፤ የወለል ማሽን ማግኔቱ አፍ ላይ ተጣብቆ የሚያሳይ ፎቶ በስልክ ሞልቷል። የሠለጠነ ሰው አጠገባችሁ ሳይቆም ያንን በር አትክፈቱ። አለቃ ቢቆጣ ቁጣው ያልፋል።

ሆስፒታሎቹ ላይ ያለኝ ቅሬታም ይሄው ነው። በሩ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ እኔ በገባሁባቸው ሁለቱም ቦታዎች በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። በዚያ በር ዊልቸር እየገፉ የሚመጡት ግን ኢትዮጵያውያን፣ ባንግላዴሻውያን፣ ፊሊፒናውያን ናቸው። ሁሉንም ቋንቋ ጻፉ አልልም፤ ሥዕል ይበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያ ሰውዬ ያደረገው ነው። ወረቀቱን ገልብጦ "አንቺስ?" ለማለት የፈጀበት ሁለት ደቂቃ ነው።

የራጁን ነገር ሳልነግራችሁ። ትከሻዬ ውስጥ ሁለት ስብርባሪ አለ፤ አንደኛው ብረት ሳይሆን አይቀርም ብለውኛል። ከዓይንም ከትልቅ የደም ሥርም ሩቅ ስለሆነ እንዳለ ይኑር አሉ። ራጁን በፎቶ ስልኬ ላይ፣ ወረቀቱን ደግሞ ከኢቃማዬ ኮፒ ጋር አስቀምጫለሁ። ገንዘቡን ማዳም ከደሞዜ እቆርጣለሁ ብላ ነበር፤ ቴታ ሰምተው ከራሳቸው ቦርሳ ከፈሉ።

ያ ሰውዬ የጥያቄውን ወረቀት ባዶውን ኮፒ ሰጥቶኛል፤ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። እሁድ ስትመጡ ዐረብኛ ማንበብ የምትችሉ ሁለተኛውን አብረን እንሥራው፤ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። ፍንዳታው ጊዜ የተጎዳችሁም ስንት እንደሆንን እንድንቆጥር ብትመጡ ደስ ይለኛል።